የቶልኪን መጻሕፍት፦ የቱን እትም እንግዛ፣ ከየት እንጀምር፣ ስሞቹንስ በፊደላችን እንዴት እንጻፍ?

ቀለም ቀንድ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ወገኖች። ስለ ቶልኪን የሚነሡት ጥያቄዎች በየቦታው ተበታትነዋልና እዚህ እንሰብስባቸው። «የቀለበቶቹ ጌታ»ን የሚገዛ ሰው የትኛውን እትም ይያዝ? «ሲልማሪሊዮን» ላይ ሲደርሱ እንዳያቋርጡ በምን ቅደም ተከተል ይነበቡ? በአማርኛ ሲጻፍና ሲተረጎምስ ስሞቹ ምን ይሁኑ? የፊልሙን ነገር ተዉት፤ እዚያ ከገባን አንወጣም። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለመነሻ ያህል፦ «ሆቢት» በ1937 ታተመ። «የቀለበቶቹ ጌታ» ከ1954 እስከ 1955 በሦስት ቅጽ ወጣ፤ ሆኖም ስድስት ክፍል ያለው አንድ ልብ ወለድ ነው። የተቆራረጠው ከጦርነቱ በኋላ ወረቀት ውድ ስለነበረና አሳታሚው ኪሳራ ስለፈራ ነው። ስለዚህ «ሁለተኛውን ቅጽ በርካሽ አገኘሁ፣ በሱ ልጀምር» የሚል ሰው ታሪኩን ከወገቡ ነው የሚይዘው።


መልስ 1 · ብራና ዳማጭ

የሽፋኑ ሥዕል አያታልላችሁ። ከመቅድሙ በፊት ያሉትን ገጾች ግለጡ። ዳግላስ አንደርሰን ስለ ጽሑፉ ታሪክ የጻፈው ማስታወሻ ካለ ጥሩ ነው። ከሱ ቀጥሎ ስለ ኀምሳኛ ዓመቱ እትም የሚናገር ሌላ ማስታወሻ ካለ የምትፈልጉት እሱ ነው። በ2004 ዌይን ሐመንድና ክሪስቲና ስከል የተባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች ከ300 እስከ 400 የሚሆኑ ቦታዎችን ያቀኑበት ጽሑፍ ነው። ከ2005 በኋላ የታተመ ከሆነ የስም ማውጫውም ተስፋፍቶ እንደ አዲስ ተሠርቷል።

ይህን ያህል እርማት ከየት መጣ? መጀመሪያ ከማተሚያ ቤቱ። ቶልኪን «ድዋርፍ» የሚለውን ቃል ሲያበዛ ሆን ብሎ «ድዋርቭዝ» ይል ነበር። ፊደል ለቃሚዎቹ ግን መዝገበ ቃላት ከፍተው «ድዋርፍስ» አደረጉት። «ኤልቨን» ያለውንም «ኤልፊን» አሉት። ሰውየው የኦክስፎርድ የቋንቋ ፕሮፌሰር መሆኑን ረስተውታል መሰለኝ! ወደ ቦታው ማስመለስ ነበረበት። በ1961 የልጆች ኪስ እትም ሆኖ በወጣው «ሆቢት» ላይም ያው ስሕተት ተደገመ። በ1994 ደግሞ ጽሑፉ እንደ አዲስ ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ የቆየው ስሕተት ሲጠራ አዲስ ገባ። እንግዲህ የሁለተኛ እጅ መጽሐፍ ስትገዙ «አሮጌ ስለሆነ ትክክለኛው ይሆናል» ብላችሁ አትገምቱ። አሮጌው ለሰብሳቢ እንጂ ለአንባቢ አይሻልም።

«ሲልማሪሊዮን»ን የምትገዙ ከ1999 ወዲህ ያለውን ሁለተኛውን እትም ያዙ። ቶልኪን በ1951 ገደማ ስለ ዓለሙ አጠቃላይ ንድፍ የጻፈው ረጅም ደብዳቤ መግቢያው ላይ ተጨምሯል። ከየትኛውም ማብራሪያ ይበልጣል።


መልስ 2 · የማታ አንባቢ

ቅደም ተከተሉ፦ መጀመሪያ «ሆቢት»፣ ቀጥሎ «የቀለበቶቹ ጌታ» ከነአባሪዎቹ። አባሪዎቹን ዘልሎ መጽሐፉን መክደን የብዙ ሰው ስሕተት ነው። የአራጎርንና የአርዌን ታሪክ ያለው አባሪ ሀ ውስጥ ነው፤ እሱ ያልተነበበ ሰው የመጨረሻውን ጋብቻ ከሰማይ እንደ ወረደ ይቆጥረዋል። ከዚያ «ሲልማሪሊዮን»፣ በ1980 የወጣው ያልተጠናቀቁ ታሪኮች ስብስብ፣ በመጨረሻም በ2007 ለብቻው የወጣው የሁሪን ልጆች ታሪክ። «ሲልማሪሊዮን» የከበደው ሰው የሁሪንን ልጆች ቢያስቀድም አልቃወምም። ወጥ ትረካ ስለሆነ አያደናቅፍም።

«ሲልማሪሊዮን» ላይ ሰው የሚወድቀው በሁለት ቦታ ነው። አንደኛው በ«ፊን» የሚጀምሩት ስሞች ናቸው። ዕልባታችሁ ላይ ይህን ጻፉ፦ አባት ፊንዌ፤ ወንዶች ልጆቹ ፌአኖር፣ ፊንጎልፊን፣ ፊናርፊን፤ ፊንጎን የፊንጎልፊን ልጅ፤ ፊንሮድ የፊናርፊን ልጅ። ይህን የያዘ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል። ሁለተኛው ምዕራፍ 14 ነው። ከዳር እስከ ዳር የቤሌሪያንድ መልክዐ ምድር ነው፣ አንድም ነገር አይከሰትበትም። በመጀመሪያው ንባብ ካርታውን አይታችሁ እለፉት፤ ምዕራፍ 19 የቤሬንና የሉቲየን ታሪክ ላይ ስትደርሱ ቦታዎቹን ለማወቅ ራሳችሁ ትመለሱበታላችሁ።

«ሆቢት» ራሱ ሁለት መልክ እንዳለው የሚያውቅ ጥቂት ነው። በ1937ቱ እትም ምዕራፍ 5 ላይ በጨለማ ዋሻ የሚኖረው ጎሉም ከዋናው ገጸ ባሕርይ ከቢልቦ ጋር እንቆቅልሽ ተጫውቶ ከተሸነፈ ቀለበቱን ሊሸልም ቃል ገብቶ ነበር። ቀለበቱ ሲጠፋበትም ይቅርታ ጠይቆ ለቢልቦ መውጫውን ያሳየዋል። ቀለበቱ በኋላ የክፋት ሁሉ ማሰሪያ ሲሆን ይህ ጨዋ ጎሉም አላስኬድ አለ። ቶልኪን በ1947 እንደ ናሙና ጽፎ የላከውን አዲስ ምዕራፍ አሳታሚው በ1951 እትም ውስጥ አስገባው። የሚገርመው የድሮውን ጽሑፍ እንኳ አልጣለውም፤ «ያ ቢልቦ ቀለበቱ የኔ ነው ለማለት ሲል የተናገረው ውሸት ነበር» ብሎ የታሪኩ አካል አደረገው። የደራሲን ስሕተት ወደ ገጸ ባሕርይ ኃጢአት መለወጥ እንዲህ ነው።


መልስ 3 · ተጠራጣሪው

እትም መምረጡን ተቀብያለሁ። ግን አንድ ነገር ይነገር። አባትየው በ1973 ሞቶ ልጁ ክሪስቶፈር እስከ 2018 ድረስ መጽሐፍ ሲያወጣ ኖረ። ይሄ የመሳቢያ ጠረጋ ነው ወይስ ሥነ ጽሑፍ? «ሲልማሪሊዮን»ን የጻፈው ማን እንደሆነ በቅጡ የሚነግረን አለ? የአባቱ ሥራ ጠባቂ ነው የሚሉት አሉ፤ እኔ ግን በረት ከፍቶ የሚነዳ ነው የሚመስለኝ።


መልስ 4 · ብራና ዳማጭ

ወንድሜ ተጠራጣሪው፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው፤ መልሱን ደግሞ ያገኘነው ከራሱ ከክሪስቶፈር ነው።

አባትየው ትቶት የሄደው ያለቀ መጽሐፍ አልነበረም። ከ50 ዓመት በላይ የተጻፈ፣ የተሰረዘ፣ በእርሳስ ላይ በቀለም የተደረበ፣ አንዱ ገጸ ባሕርይ ሦስት ስም የያዘበት ክምር ነው። ክሪስቶፈር ኦክስፎርድ ያስተምር ነበር፤ በ1975 ሥራውን ትቶ ወደ ፈረንሳይ ሄደና በዚሁ ላይ ተቀመጠ። በ1977 «ሲልማሪሊዮን»ን ወጥ ታሪክ አድርጎ አወጣ። ለዚህ ሲል ግን ቆርጧል፣ ቀጥሏል። ምዕራፍ 22ን፣ የዶሪያትን ጥፋት፣ ተመልከት። አባቱ በዚህ ላይ ሙሉ ትረካ የጻፈው በወጣትነቱ ነበር፣ እሱም ከኋለኛው ታሪክ ጋር አልገጥም አለ። ስለዚህ አዘጋጆቹ ራሳቸው ገጣጥመው ሠሩት።

አሁን ጠባቂነቱን እይ። ከ1983 እስከ 1996 በ12 ቅጽ የመካከለኛው ምድርን ታሪክ አሳተመ፤ ረቂቁን በየንብርብሩ፣ «ይህ የአባቴ ነው፣ ይህ የኔ ነው» እያለ። በ1994 በወጣው 11ኛ ቅጽ ላይ የዶሪያትን ምዕራፍ አንሥቶ ከአዘጋጅ ድርሻ አልፌያለሁ፣ ሳላልፍ መፍታት ይቻል ነበር ብሎ ጻፈ። መሳቢያ የሚጠርግ ሰው የራሱን ጥፋት ገጽ ጠቅሶ አያሳትምም። አባቱን ልናምን የቻልነው እሱ ራሱን ስላጋለጠ ነው።

ከ6ኛ እስከ 9ኛ ያሉት ቅጾች «የቀለበቶቹ ጌታ» እንዴት እንደተጻፈ ያሳያሉ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ፍሮዶ መጀመሪያ ቢንጎ ይባል ነበር፤ በኋላ አራጎርን የሆነው ሰው ደግሞ የእንጨት ጫማ ያደረገ ሆቢት (ከመጻሕፍቱ ትንንሽ ሰዎች አንዱ) ነበር! 12ቱን በተርታ የሚያነብ ሰው ይደክመዋል፤ ከነዚህ አራቱ ይጀምር። የዚህ ልብ ወለድ ረቂቆች ዋና ክፍል ያለው ሚልዋኪ በሚገኘው ማርኬት ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በ1957 በ1,500 ፓውንድ የተገዛ። ቀሪው ብዙው ክምችት ኦክስፎርድ፣ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ነው። ክሪስቶፈር ለነዚያ ቅጾች ሲሠራ የአሜሪካኑን ገጽ በቅጂ እየተላከለት ማጋጠም ነበረበት።

ልማዱ ደግሞ የልጅነት ነው። ማታ ማታ «ሆቢት» ሲነገረው «ያለፈው ጊዜ የቢልቦ በር ሰማያዊ ነው ብለህ ነበር፤ አሁን አረንጓዴ አልከው» ብሎ አባቱን ያቋርጥ ነበር። አባትየው ተነሥቶ ማስታወሻ ያዘ። በኋላ ለእያንዳንዱ ስሕተት ሁለት ፔኒ ይከፍለው ጀመር። የ1954ቱን ካርታ የሣለውም እሱ ነው። በጃንዋሪ 2020 በ95 ዓመቱ ዐረፈ።


መልስ 5 · ተጠራጣሪው

የዶሪያቱን አላውቅም ነበር፤ ቃሌን አነሣለሁ። በረቱን ግን አልዘጋሁትም።


መልስ 6 · የማታ አንባቢ

ጠባቂ ስትሉ አንባቢውንም አትርሱ። በ1965 ኤስ ቡክስ የተባለ አሜሪካዊ አሳታሚ በመብት ክፍተት ገብቶ ሦስቱንም ቅጽ ያለ ፈቃድ እያንዳንዱን በ75 ሳንቲም ሸጠ። ቶልኪን ጽሑፉን አሻሽሎ በባለንታይን በኩል በ95 ሳንቲም ፈቃድ ያለው እትም አወጣ፣ ከአሜሪካ ለሚጽፉለት አንባቢዎችም ጉዳዩን በየደብዳቤው እየጨመረ አስረዳ። አንባቢዎቹ 20 ሳንቲም ጨምረው የተፈቀደውን ገዙ፣ መጽሐፍ ሻጮችን ወተወቱ። ያኛውም በመጨረሻ ገንዘብ ከፍሎ ዳግመኛ ላለማተም ተስማማ። ሁለተኛው እትም የተወለደው ከዚህ ጠብ ነው።


መልስ 7 · ፊደል ቆጣሪ

ወደ ስሞቹ እንምጣ። ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ሳይለዩ መጻፍ ነው ጣጣው።

የኤልፎቹ ስሞች በድምፅ ይጻፋሉ፣ ሕጉም አባሪ ሠ ውስጥ አለ። «ሲ» የምትባለው የላቲን ፊደል ሁልጊዜ ክ ናት፦ ሴሌቦርን ሳይሆን ኬሌቦርን፣ ሲሪት ኡንጎል ሳይሆን ኪሪት ኡንጎል። «ሲ» እና «ኤች» ሲጣመሩ ች ሳይሆን ኽ ናቸው፤ እንግሊዝኛ ይህ ድምፅ ስለሌለው ይቸገራል፣ እኛ አለን። በሲንዳሪን (ከኤልፎቹ ቋንቋዎች አንዱ ነው) ቃል መጨረሻ ላይ ያለ «ኤፍ» ቭ ተብሎ ይነበባል፦ ኒንዳልቭ። «ታዲያ ጋንዳልቭ ልንል ነው?» እንዳትሉ፤ ጋንዳልፍ የሰሜን ሰዎች ያወጡለት ስም እንጂ ሲንዳሪን አይደለም።

ትርጉም ያላቸው ስሞች ግን ይተረጎማሉ። ቶልኪን በ1950ዎቹ የወጣውን የሆላንድኛ፣ ቀጥሎም የስዊድንኛውን ትርጉም አይቶ ስለተናደደ ለተርጓሚዎች መመሪያ ጻፈ፤ በ1975 ታተመ። ዝርዝሩ ውስጥ ያለው በትርጉሙ ይገባ፣ የሌለው እንዳለ ይቀመጥ ይላል። የቢልቦና የፍሮዶ ቤተሰብ ስም «ባጊንስ» የከረጢት ስም ይያዝ ይላል፤ እኔ ስልቻ እላለሁ። ከነሱ ጋር የሚጋጩት ዘመዶች «ሳክቪል-ባጊንስ» ናቸው። መመሪያው ሁለቱም ቃላት ያው ከረጢት ስለሆኑ ጥምረቱ ትንሽ እንዲያስቅ ነው የተፈለገው ይላል። ስልቻ-ቀልቀሎ! «ስልቻ ቀልቀሎ፣ ቀልቀሎ ስልቻ» የሚለው ተረት ለነሱ ተቀምጦ የቆየ ነው የሚመስለው። «ትሪቢርድ» ጢመ ዛፍ፣ «ስትራይደር» ገስጋሹ።

ማስጠንቀቂያ፦ ለራስ መለማመጃ እንጂ ያለ ፈቃድ ተርጉሞ በነፃ መበተንም ቢሆን ጥሰት ነው። እንግሊዝ አገር መብቱ እስከ 2043 መጨረሻ ይቆያል።


መልስ 8 · ሸዋዬ

ከስሙ ይልቅ ተውላጠ ስሙ ነው አማርኛ የሚያተርፍበት። አባሪ ረ ላይ የምዕራቡ ቋንቋ (የመጻሕፍቱ ዓለም የጋራ መግባቢያ) የቅርበትና የአክብሮት «አንተ» እንደነበረው፣ ሆቢቶች ግን የአክብሮቱን እንደጣሉት ተጽፏል። ሆቢቱ ፒፒን ሚናስ ቲሪት ሲገባ ትልቅ ትንሹን፣ የከተማይቱን ገዢ ዴኔቶርን ሳይቀር፣ «አንተ» ይላል። ሽማግሌው ምናልባት ፈገግ ብሏል፤ አገልጋዮቹ ግን ደነገጡ። ከተማው «ጌታችንን አንተ የሚል በአገሩ መስፍን ቢሆን ነው» ብሎ አወራ። እንግሊዝኛው ይህን ማሳየት ስላልቻለ በአባሪ ማስረዳት ግድ ሆነበት። በአማርኛ አንድ መስመር ይበቃል፦

«ጌታ ዴኔቶር፣ ልጅህን አውቀዋለሁ፤ እኔን ለማዳን ሲል ሞተ።»

«ልጅዎን» ብለህ ብትተረጉመው ቀልዱም ወሬውም ሞተ። ተርጓሚው ደግሞ ለጨዋነት ሲል «እርስዎ» እንደሚያደርገው አልጠራጠርም፤ እጃችን ይለምደዋላ።

አባሪው አንድ ነገር ይጨምራል። የአክብሮቱ መልክ በተለይ በምዕራቡ ወረዳ ገበሬዎች ዘንድ የፍቅር መጥሪያ ሆኖ ቀርቷል። ሳም የሚኖርበት ሆቢተን ያለው እዚያው ምዕራቡ ወረዳ ነው! ስለዚህ ሳም ፍሮዶን «አንቱ» ይበለው። «እርስዎ» የቢሮ ነው፤ «አንቱ» ግን አክብሮትም ናፍቆትም አለው።


መልስ 9 · ቀለም ቀንድ

እሜቴ ሸዋዬ፣ አንቱታውን ወደድኩት። የሮሃን ሰዎችስ? ቶልኪን የምዕራቡን ቋንቋ በእንግሊዝኛ፣ የሮሃንን በጥንታዊ እንግሊዝኛ ነው የወከለው። እኛ ሮሃንን በግዕዝ ብናደርግስ?


መልስ 10 · ሸዋዬ

አይሆንም። ግዕዝ የአማርኛ እናት አይደለም፣ የቅርብ ዘመዱ እንጂ። በዚያ ላይ ሮሃኖች የሚፎክሩ ፈረሰኞች ናቸው፤ በግዕዝ ካናገርካቸው ቅዳሴ የሚገቡ ይመስላሉ። ግዕዝ በጠባዩ ወደ ኬንያ ይቀርባል፤ ኤልፎቹ ለሥርዓትና ለዕውቀት የሚጠቀሙበትን ይህን ቋንቋ ቶልኪን ራሱ ከላቲን ጋር ነው ያመሳሰለው። እሱ ደግሞ አይተረጎምም። ለሮሃን የምትፈልገው ድሮ አማርኛ ነው፦ ከዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን ጀምሮ ለነገሥታት የተዘመሩት የጦር ውዳሴዎች ቃል። ግማሹ ይገባሃል፣ ግማሹ ይሸሽሃል። አንድ ሆቢት የሮሃንን ቋንቋ ሲሰማ የሚሰማው ይኸው ነው።

(አገር የሆነችው ኬንያ ሳትሆን የኤልፎቹ ቋንቋ ናት፤ ከመጠየቃችሁ በፊት።)


መልስ 11 · ጎንደሬው

የ«የቀለበቶቹ ጌታ» አገር ጎንዶር ከጎንደር መጣ የሚለውን የማያነሣ ሰው የለምና ላጽዳው። በሲንዳሪን «ጎንድ» ድንጋይ፣ «ዶር» አገር፤ የድንጋይ አገር ማለት ነው። አንድ አንባቢ በ1971 ይህንኑ ስለ ጎንደር ጠይቆት ቶልኪን በቁም ነገር መልሷል፤ ስም የሚፈጥር ሰው ያነበበውና የሰማው ሁሉ ከታች እንደ ረገፈ ቅጠል በስብሶ እንደሚቀመጥ አስረድቶ። ስለዚህ «ፋሲል ግንብን አይቶ ነው» የሚል ወሬ አትበትኑ።

እውነተኛው ገመድ ሌላ ነው። ቶልኪን በ1932 እና በ1934 «ሲገልዋራ ላንድ» የሚል ጥናት በሁለት ክፍል አሳትሟል። ጥንታዊ እንግሊዝኛ ኢትዮጵያውያንን የሚጠራበት «ሲገልሄርዋን» የሚል ቃል ነበረው፤ ጥናቱ በሙሉ ይህ ቃል ከየት መጣ ነው። «ሲገል» ፀሐይም ጌጥም ነው፤ «ሄርዋ»ን ከከሰልና ከጥላሸት ጋር አያያዘው። ቃሉ እንግሊዞች ስለ ኢትዮጵያ ከመስማታቸው በፊት ዓይናቸው የሚፋጅ፣ ፊታቸው ጥላሸት የሆነ የእሳት ፍጡራን ስም ሳይሆን አይቀርም አለ። ባልሮግን፣ የቶልኪንን የእሳት ጋኔን፣ የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ ቀጥ ይላል። ልብ በሉ፤ ስለ እኛ አይደለም የሚያወራው፣ በኋላ እኛ ላይ ስለተለጠፈ ቃል ነው።


መልስ 12 · ፊደል ቆጣሪ

የመጨረሻው ጥያቄ ቴንግዋር በሚባለው የኤልፍ ጽሕፈት አማርኛ ይጻፋል ወይ የሚለው ነው። ይጻፋል፤ ከእንግሊዝኛ ይልቅ ለኛ ይቀላል፣ ምክንያቱም አናባቢው እንደ ፊደላችን ተነባቢው ላይ ነው የሚቀመጠው።

ሁለት አጻጻፍ አለ፦ በኬንያ አናባቢው ከሱ በፊት ባለው ተነባቢ ራስ ላይ፣ በሲንዳሪን ከሱ በኋላ ባለው ላይ ይቀመጣል። የእኛ የኬንያው ነው። ኢንተርኔት ላይ ያሉ መቀየሪያዎች የተሠሩት ለእንግሊዝኛ ስለሆነ አናባቢውን ቀጣዩ ፊደል ላይ ከሰቀሉባችሁ ጽሑፉ በሙሉ አንድ ቤት ይንሸራተታል።

ራብዕ ሦስት ነጥብ፤ ሣልስ አንድ ነጥብ፤ ኃምስ አንድ ጭረት፤ ሳብዕ ወደ ቀኝ የተከፈተ ቆልማማ፤ ካዕብ ወደ ግራ የተከፈተ። ግዕዝን ባዶ ተዉት። አባሪ ሠ ራሱ በኬንያ ብዙ ጊዜ የሚመላለሰው አናባቢ ምልክቱ ሊተው እንደሚችል ይፈቅዳል። ሳድስ ግን ከሥር አንድ ነጥብ ያስፈልገዋል። ይህን የረሳ ሰው «ቤት» ብሎ የጻፈው «ቤተ» ይሆንበታል።

ች፣ ጅ፣ ሽ ስላሉን ከቴንግዋር ሠንጠረዥ ሦስተኛውን ዓምድ ለነሱ፣ አራተኛውን ለክና ለግ እንስጥ። ጥ፣ ጭ፣ ቅ፣ ጵ ላይ ሰው ይቸገራል፣ መፍትሔው ግን አለ፦ ቆሚው መስመር ወደ ላይም ወደ ታችም የረዘመ መልክ ለተለየ ተነባቢ ይውላል ይላል አባሪው። ት-ን አስረዝማችሁ ጥ። ብዕሩ ወደ ታች በቂ ካልወረደ ግን በምላስና በጥርስ መካከል የሚወጣው የእንግሊዝኛ ድምፅ ሆኖ ይነበባል። ጽ ለብቻው ቦታ የለውም፤ ጥ ላይ የስ-ን ትንሽ መንጠቆ ጨምሩ።


መልስ 13 · ተጠራጣሪው

በዚህ ሕግ «እንኳን ለገና አደረሳችሁ» ብዬ ካርድ ጻፍኩ። ገና፦ ባዶ ግ፣ ከዚያ ን ከነሦስት ነጥቡ። ልክ ነው?


መልስ 14 · ፊደል ቆጣሪ

«እንኳን ለገና» ሲነበብ በዓሉን ሳይሆን «ገና ነው» የምንለውን ሆኗል። የበዓሉ ን ይጠብቃል። ፊደላችን ይህን አያሳይም፤ ቴንግዋር ያሳያል። ከን ሥር አንድ አግዳሚ ጭረት ጨምርበት። «አደረሳችሁ» ላይም ረ እና ች ይጠብቃሉ፣ እዚያም ድገመው።